ንፍሮ የሚያሳፍር ምግብ ነውን?

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነውን ምግቦች ቁጠሩ ብትባሉ፣ ከመካከላችሁ ንፍሮን የሚጠራ አንድ ሰው እንኳ የሚገኝ አይመስለኝም። ዶሮ ወጥ ይጠራል፤ ክትፎ ይጠራል፤ ከባሕር ማዶም ፓስታና ፒዛ ይጠራሉ። የንፍሮ ስም ሲነሣ ግን ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወይ የለቅሶ ቤት ነው፣ ወይ የእረኛ ስንቅ ነው፣ ወይም ደመወዝ አልቆ ገና ያልተተካበት የወሩ መጨረሻ ነው።

ስለዚህም ከገጠር መጥቶ በከተማ የሚማር ተማሪ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ወጣት፣ ጓደኞቹ ሲመጡበት ሻይና ዳቦ ያቀርባል እንጂ ንፍሮ አያቀርብም። ከእናቱ ቤት የመጣለትን ስንቅ እንኳ አልጋ ሥር ያስቀምጠውና ማታ ብቻውን ይበላዋል። ይህ ኀፍረት ተገቢ ነውን? ወይስ ከማናውቀው ነገር የተነሣ የገባብን ነው? በዛሬው ዓምዳችን ይህን እንድንመረምር ፈቃዳችሁ ይሁን።

መጀመሪያ ወደ አገሩ እንሂድ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ የለጋምቦን ብርድ ካለፈ በኋላ የወሎውን ቦረና ያገኛል። የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ናት፤ ስሟም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በስተምዕራብ በኩል ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው አካባቢውን ከጎጃም ይለየዋል። ሳይንት፣ ወግዲና ከለላ ጎረቤቶቿ ናቸው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካም ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት ተከልሎ በዚሁ አገር ይገኛል።

ይህ አገር ደጋውና ቆላው እጅግ የተቀራረበ ነው። ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ የተነሣ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ጤፍና ሽምብራ ያገኛል፤ ከዚያም ዝቅ ሲል ማሽላ ያያል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሦስት ዓይነት አየርና ሦስት ዓይነት አዝመራ ማለፍ ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ ባለው አገር የሚኖር ሕዝብ እህልን ቀላቅሎ መብላት ቢለምድ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ንፍሮ ማለት እህልን ሳይፈጩና ሳይጋግሩ፣ እንዳለ በውሃ ቀቅሎ መብላት ማለት ነው። እንጀራ ለመጋገር ወፍጮ፣ እርሾና ምጣድ ያስፈልጋሉ፤ ንፍሮ ግን የሚፈልገው ድስት፣ ውሃና እሳት ብቻ ነው። አንድ እህል ብቻውን ሊቀቀል ይችላልና የባቄላ ንፍሮ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ የበቆሎ ንፍሮ እንላለን። ነገር ግን የንፍሮ ወግ የሚታየው በቅልቅሉ ነው፤ ስንዴ ከባቄላ፣ ወይም ስንዴ ከሽምብራ፣ ወይም የተፈተገ ገብስ ከአተር ጋር።

በአንድ ድስት የገቡት እህሎች አይዋዋጡም። ስንዴው ስንዴ እንደሆነ፣ ባቄላውም ባቄላ እንደሆነ ይወጣል። ስንዴው ሲታኘክ ጠንከር ብሎ ጥርስን ያጫውታል፤ ባቄላው በአፍ ውስጥ ይፈረፈራል፤ ሽምብራው ደግሞ ቅባት ቅባት የሚል የራሱ ጣዕም አለው። በአንድ እፍኝ ሦስት ነገር መቅመስ ማለት ይህ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ንፍሮ የታወቀ የክብር ቀን አለው። በሰሞነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት የሚበላው ጉልባን ከባቄላ ክክና ከስንዴ ወይም ከተፈተገ ገብስ አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ነው። በከተማ ሩዝ የሚጨምሩበትም አሉ። ትርጓሜውን የሚያስተምሩ ሰዎች፣ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ ለመጋገር ጊዜ ስላጡ እህሉን እንዳለ ቀቅለው ስንቅ ያደረጉበት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ጨዉ ጠንከር የሚደረገውም የጌታን መጠማት ለማስታወስ ነው ይባላል። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ከከበሩት ቀኖች በአንዱ የሚቀርበው ምግብ ይኸው እኛ የምናፍርበት ቅልቅል እህል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የንፍሮ አገልግሎት ግን በለቅሶ ቤት የሚሰጠው ነው። ሐዘን በደረሰበት ቤት የሚያበስለው ጎረቤት ነው። ንፍሮ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የተፈጠረ ይመስላል። በብዛት ይቀቀላል፤ ወጥ አይፈልግም፤ ሳሕን አይፈልግም፤ በእፍኝ ይታደላል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ለቀስተኛም ሆዱን ይይዝለታል።

በወሎ ምድር ደግሞ ከዚህ በላይ የሆነ ሥራ ይሠራል። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ በዝምድናና በጋብቻ የተሳሰሩ ብዙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፤ አንዱ በሌላው ቤት ተቀምጦ ያስተዛዝናል። ይሁን እንጂ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ በሠርግና በድግስ ጊዜ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻም ይበሰላል። ንፍሮ ግን ሥጋ የለበትም። ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ ማን አረደው፣ ማን ባረከው የሚል ጥያቄ አያስነሣም። ሼኩም ቄሱም ከአንድ ሰፌድ ይዘግናሉ። ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ምግብ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከመካነ ሰላም ተነሥተን ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ወደ ኮሪያ እንሻገር። የምንሄድበትም ምክንያት እንዲህ ነው፤ የኮሪያ ሰዎችም እንደኛው ያለ ቅልቅል ምግብ አላቸው፤ የኛ ንፍሮ አልጋ ሥር ሲደበቅ የነሱ ግን የአገር መኩሪያ ሆኗል። እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ይጠቅመናል።

ኮሪያ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደዚያ ዘምቷል፤ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስም ኢትዮጵያውያን በየተራ እየተተኩ ተዋግተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያው በጦር ሜዳ ወድቀዋል። ወታደሮቻችን ያዩት የኮሪያ ሕዝብ ቤቱ የፈረሰበት፣ እህሉ የተቃጠለበት ሕዝብ ነበር፤ ወላጅ ለሞቱባቸው ልጆችም ማሳደጊያ አቋቁመው ይረዱ ነበር። በቹንቾን ከተማ የተሠራላቸውን ሐውልት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. በዚያ ተገኝተው አይተውታል። ይህን የምናስታውሰው ኮሪያም ረኃብን የምታውቅ አገር እንደነበረች እንዳንዘነጋ ነው።

የምግባቸው ስም ቢቢምባፕ ይባላል። “ቢቢም” ማለት መቀላቀል፣ “ባፕ” ማለት የበሰለ ሩዝ ነው፤ ስለዚህ ስሙ በአማርኛ “ቅልቅል ሩዝ” እንደማለት ይሆናል። በጎድጓዳ ሳሕን ነጭ ሩዝ ይደረጋል። በላዩ ላይ ጎመን መሰል ቅጠሎች፣ የበቀለ ባቄላ፣ ካሮት፣ እንጉዳይ፣ ጥቂት ሥጋና እንቁላል እያንዳንዳቸው ለብቻ ተሰናድተው በየቀለማቸው ዙሪያውን ይደረደራሉ። ጎቹጃንግ የሚሉት ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ቀይ ድልህ ይጨመርበታል፤ የሰሊጥ ዘይትም ጠብ ይደረግበታል። በላተኛውም ራሱ በማንኪያ ሁሉንም ያማስለውና ይበላል። በጋለ የድንጋይ ሳሕን የሚቀርብ ዓይነትም አለ፤ ከሥሩ ያለው ሩዝ ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል።

ከየት መጣ ቢባል የኮሪያ ሰዎች ራሳቸው በአንድ ቃል አይመልሱም። ገበሬዎች በእርሻ መካከል ያላቸውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ቀላቅለው ከመብላታቸው የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። ለሟች አያቶች መታሰቢያ የቀረበውን ምግብ ከሥርዓቱ በኋላ አብሮ በአንድ ሳሕን ከመብላት የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በቤት የተረፈው ለአዲሱ ዓመት እንዳያድር ተቀላቅሎ ይበላ ነበር ይላሉ። ከነዚህ አባባሎች ውስጥ ሁለቱን አስተውሉ፤ የገበሬ ስንቅና የሙታን መታሰቢያ። በመካነ ሰላም ስለ ንፍሮ ከምንሰማው ይህ በምን ይለያል?

ቢቢምባፕ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተዘጋጀ ሲዊጆንሶ የሚባል የወጥ ቤት መጽሐፍ ነው። የጻፈው ሰው ስም አይታወቅም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሩዝ ለኮሪያ ድኻ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የበልግ ወራት ሲመጣ የባለፈው ዓመት ሩዝ ያልቃል፤ ገብሱ ደግሞ ገና አልደረሰም። በመካከል ያለውን የችግር ወቅት “የገብስ ዳገት” ብለው ይጠሩት ነበር። ዳገት ያሉት እንደምንም ተብሎ መታለፍ ስላለበት ነው። የኛ አገር ገበሬ ሐምሌንና ነሐሴን እንዴት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ስሙን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ከጦርነቱም በኋላ የሩዝ እጥረት ስለበረታ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ሕዝቡ ሩዝን ከገብስና ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀለ እንዲበላ ዘመቻ አደረገ። በሳምንት ሁለት ቀን ምግብ ቤቶች በተወሰነ ሰዓት ሩዝ እንዳይሸጡ ተከለከሉ። በየትምህርት ቤቱም መምህራን የተማሪዎችን የምሳ ዕቃ እያስከፈቱ፣ ሩዙ ገብስ የተቀላቀለበት መሆኑን ይመለከቱ ነበር። እናንተ ተማሪዎች ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት፤ በዚያ አገር በዚያ ዘመን የሚያሳፍረው ነጭ ሩዝ ብቻውን ይዞ መምጣት ሆነ።

በኋላ አዲስ የሩዝ ዘር ወጥቶ አዝመራው ሲበረክት ክልከላው ቀረ። ገብስ የተቀላቀለበትም ሩዝ ለጊዜው የድኻ ምግብ ተብሎ ተናቀ። ነገር ግን ንቀቱ አልዘለቀም። ዛሬ ቦሪባፕ የሚሉትን የገብስ ቅልቅል ለመብላት የከተማ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ወደ ምግብ ቤት ይሄዳል። ቢቢምባፕም በ1980ዎቹ በኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ለመንገደኞች መቅረብ ጀመረ። በቢቢምባፕ የታወቀችው የጆንጁ ከተማ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማ ተብላ ተመዘገበች። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚበሉት ሰዎች ዓይን ነው።

“እነሱ ይኩሩ፤ የኛ ንፍሮ ግን ከመጥገብ በቀር ምን ይጠቅማል?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሳይንስ በኩል እንመልከተው። ሥጋችንን የሚገነባው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። ከነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን። ስንዴና ገብስ ሊዚን የሚባለው ይጎድላቸዋል፤ ባቄላና ሽምብራ ግን ሊዚን ሞልቷቸዋል። ባቄላና ሽምብራ በፈንታቸው ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ስንዴውና ገብሱ ደግሞ ይህን ይሰጣሉ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል ማለት ነው። ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ተማሪ ከዚህ የረከሰና ከዚህ የተሻለ ማሟያ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ዕውቀት በአገራችን ከዚህ በፊትም በሥራ ላይ ውሏል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር ለሕፃናት የተዘጋጀው ፋፋ የተሠራው የእህል ዱቄትን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በመቀላቀል ነው። ባለሙያዎቹ በቤተ ሙከራ የደረሱበትን መንገድ እናቶቻችን በድስት ሲሄዱበት ቆይተዋል።

መቀላቀሉ ከድስት በፊት በማሳም ላይ ይጀምራል። በአማራ ደጋ ዱራኛ፣ በትግራይና በኤርትራ ደጋ ሐንፈጽ የሚባለው ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ላይ አብሮ ተዘርቶ አብሮ የሚታጨድ ነው። ከሩቅ የሚያየው ሰው የገበሬው ስንፍና ሊመስለው ይችላል። ምሥጢሩ ግን ሌላ ነው። ዝናብ የጠራ ዓመት ከሆነ ስንዴው ያምራል፤ ዝናብ ቀድሞ የተቋረጠ እንደሆነ ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ይተርፋል። ማሳው ባዶውን አይቀርም። ወሎ በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. የደረሰባትን የሚያውቅ ሰው፣ ባዶ አለመቅረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ውድ አንባቢዎች፣ ንፍሮን ስናመሰግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ብናስቀር በደል ይሆንብናል። ይኸውም የጓያ ነገር ነው። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ እሱ ይበቅላል፤ በችግር ዓመት ድኻው የሚይዘው እሱን ነው። ነገር ግን በውስጡ መርዝ አለው። ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ከሽመድመዳውም ወደ ቀድሞ ጤና የሚመልስ መድኃኒት የለም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ አካባቢ ይህ በሽታ በብዙ ሰው ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ጊዜ ነገሩን ያጠኑ ሐኪሞች ያገኙት ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ነው። ጓያን ብቻውን ቀቅለው ወይም በእሸቱ የበሉት ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉት ደግሞ አደጋው ቀነሰላቸው። እንግዲህ መቀላቀል ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን፣ አንዳንዴም በእግር መቆምና አለመቆምን የሚወስን መሆኑን ከዚህ ተረዱ። ይህ ግን ከተቀላቀለ ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። የጓያ ንፍሮ ይቅር፤ በቤታችሁም እንዲቀር ለዘመዶቻችሁ ንገሩ። በተለይም ለታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ይህን ማስረዳት የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ በአንድ ምድጃ የሚኖር ሰው ንፍሮን እንዴት አድርጎ ቢሠራው ይጣፍጠዋል?

ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ለቅማችሁ እጠቡ። ማታ በየዕቃቸው ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ይህን የሰነፍ ትርፍ ሥራ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ የደጋ ሰው ምክንያት አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እንደ መካነ ሰላም ባለ ደጋ ያልተዘፈዘፈ ባቄላ ቢውል ቢያድር በቀላሉ አይበስልም፤ ማገዶውንም ይጨርሳል።

ጧት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍታችሁ ባቄላውን በአዲስ ውሃ ጣዱ። ጠንካራው ይቅደም ማለት ነው። ባቄላው ለስለስ ማለት ሲጀምር ስንዴውን ጨምሩ። ጨው የሚገባው ሁሉም ከበሰለ በኋላ ነው። ከዚያም ውሃውን አጥልላችሁ፣ ድስቱን ከድናችሁ ጥቂት ጊዜ በእንፋሎቱ አቆዩት። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ውሃ ያዘለውን ንፍሮ ከደረቀውና ከጣፈጠው የምትለየው እሷ ናት።

ትኩሱን እንዲሁ መብላት የታወቀ ነው። የኮሪያውን ዘዴ ለመሞከር የፈለገ ግን እንዲህ ያድርግ፤ ትኩስ ንፍሮ በጎድጓዳ ሳሕን ያድርግና ተቀቅሎ የተከተፈ ጎመን፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮት፣ ጥቂት ቲማቲም በላዩ ይደርድር። ቀጠን ያለ አዋዜ በማንኪያ፣ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት በጠብታ ይጨምርበት። ጾም ካልሆነ እንቁላል ይፈቀዳል። ከዚያ አማስሎ ይብላ። አዋዜው በጎቹጃንግ ፈንታ ሲገባ ባዕድ አይሆንም፤ በርበሬ ለኮሪያም ለኛም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነውና ሁለታችንም እኩል አሳድገነዋል። ቡናውን ግን ከምግቡ ጥቂት ዘግየት አድርጉት፤ ወዲያው የተጠጣ እንደሆነ በባቄላው ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ይከለክላል። ቲማቲሙ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛል።

“ስንዴውን ትቼ እንደነሱ በሩዝ ልሥራው” የሚል ቢኖርም ሩዙን ከባሕር ማዶ አይፈልግ። በጣና አጠገብ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል። የሚገርመው ነገር፣ በ1970ዎቹ ሩዝን በፎገራ ለማስለመድ የረዱት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። የፎገራ ሰው ሩዙን ከተቀበለ በኋላ ምን አደረገበት? ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው። የመቀላቀል ልማድ ያለው ሕዝብ አዲስ ነገር ሲመጣበት አይሸበርም፤ ከነበረው ጋር አስማምቶ የራሱ ያደርገዋል።

ውድ አንባቢዎች፣ የተነሣንበትን ጥያቄ እንመልስ። ንፍሮ አያሳፍርም። ንፍሮ የበሰለ ዕውቀት ነው፤ የትኛው እህል ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ፣ የቱ እንደሚቀድም፣ የቱ ብቻውን እንደሚጎዳ፣ በሐዘን ቀን ሁለት ሃይማኖት ከአንድ ሰፌድ እንዴት እንደሚበላ የሚናገር ዕውቀት ነው። የሚያሳስበው ይህ ዕውቀት ያለው በእናቶቻችን እጅ ብቻ መሆኑ ነው። የልጆቻቸው ኀፍረት ደግሞ እንዳይጠይቋቸው ያደርጋል፤ ያልተጠየቀ ነገርም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ያንን የኮሪያ የወጥ ቤት መጽሐፍ አስታውሱ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ የቢቢምባፕን አሠራር ግን ዛሬም ከሱ ማንበብ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ታላቅ ደራሲ መሆን አላስፈለገም፤ የአንድ ቤት ጓዳ የሚያውቀውን ጽሑፍ በሚችል እጅ ማስፈር በቂ ሆኗል። ከመካከላችሁ በመካነ ሰላም ወይም በሌላ ስፍራ የምትማሩ፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ወረቀት የምታገላብጡ ሁላችሁ ጽሑፍ ትችላላችሁ። ለሚመጣው በዓል ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ንፍሮ ስትቀቅሉ ምን ከምን ጋር ትቀላቅላላችሁ? ስንት እጅ በስንት እጅ? ለለቅሶ የሚሠራው ከጉልባን በምን ይለያል? የማትቀላቅሉት እህል የትኛው ነው፣ ለምን?

የሚሏችሁን እንደሚሉት አድርጋችሁ በደብተር ጻፉ፤ የሠፈሩንና የእህሉን ስም በዚያው በአገሩ አጠራር አስቀምጡ። ስትመለሱም የተሰጣችሁን ስንቅ አልጋ ሥር አትደብቁት፤ ጠረጴዛ ላይ አውጡትና ለጓደኞቻችሁ ዝገኑላቸው።

ቸር ይግጠመን።